ካሎውን ማን ይክፈት

ልጅ እያለሁ፣ ጎሮ ገና ሰፈር ሳይሆን፣ ከቃል ሁሉ የምወደው «ካሎ» የሚለውን ነበር። ትርጉሙን ዛሬ የሚያውቅ ስለጠፋ እኔው ልንገራችሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደልን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ለቅሜ የተማርኩ ሰው ነኝና እመኑኝ። ካሎ ማለት ክረምቱን በሙሉ በእሾህ ታጥሮ ከብት ሳይደርስበት ለበጋ የሚቆይ የግጦሽ መሬት ነው። መስቀል ሲያልፍ አጥሩ ይከፈታል፤ ቀድመው የሚገቡት የእርሻ በሬዎች ናቸው። ከፋቹ ከልጆች አንዱ ነበር፤ የሚመርጠውም አባቴ።

የዚያን ዓመት እኔ እንደምሆን አልተጠራጠርኩም። እንደ እኔ ጅራፍ የሚያስጮህ አልነበረም፤ በሩጫም የሚቀድመኝ የለም። ሣሩ ወገብ ደርሶ፣ አደይ አበባው መሃል መሃሉን እያበራ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ አፍንጫችንን ሞልቶት ቆመን ሳለ አባቴ የጎረቤታችንን ልጅ ጠራ።

«ገመቹ፣ ና ክፈት!»

«አባባ፣ እኔስ?» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

«አንተ ጅራፍህን ስታስጮህ እሱ የተቀደደውን አጥር ሲደፍን ከረመ። የጠበቀው ይክፈተው።»

ገመቹ እሾሁን እያነሳ ወደ እኔ ዞረና «አይዞህ፣ አንተ ጅራፉን አስጩህልን!» አለኝ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁብኝ። ያን ቀን የያዘኝ ቅናት ጥርሴ እስኪረግፍ አልለቀቀኝም።

ዛሬ እዚያው ጎሮ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት አለኝ፤ ራሴ ንድፉን አውጥቼ ያሠራሁት። ግቢዬ ከበር እስከ ጓሮ ንጣፍ ነው፣ ጭቃ የሚባል አያውቀውም። አጥር የምንጋራው ገመቹ ግን ከቤቱ ጀርባ ቁራጭ ሣር አስቀርቶ፣ ክረምት ክረምት በቆርቆሮ ይዘጋታል። እሷንም ካሎ ይላታል! የልጅ ልጆቼ የእኔን ንጣፍ ትተው እዚያ ካልገባን ይላሉ።

ዘንድሮ መስቀል እንዳለፈ በአጥሩ ላይ ጠራኝ።

«ና እንጂ አንተ ሽማግሌ፣ የዘንድሮውን አንተ ክፈተው።»

«ከስንት ዘመን በኋላ ራራህልኝ?»

«ጅራፍህን ግን እንዳትረሳ!» ብሎ ሳቀ።

ሄድኩ። ቆርቆሮውን አነሳሁ፤ እሱ ሲታገልበት የሚውለውን እኔ በአንድ እጄ ነው ያነሳሁት። አንዲት በግ ገባች፣ የልጅ ልጆቼ እየተንጫጩ ተከተሏት። ያ የጥንቱ ሽታ መጣ።

ያኔ ገመቹ ስለከፈተ ቀናሁበት። ዘንድሮ ራሴ ከፍቼም ቀናሁበት፤ እሱ እስከ ዛሬ የሚከፈት ነገር አለው።