የስምንቱ መብራቶች ክስ

ፒያሳ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ «ቤቴን ሊያቃጥለው የነበረው ያ ፊደል ያልቆጠረ ኤሌክትሪሻን ነው» ብሎ ስሜን አጠፋ። ኤሌክትሪሻኑ እኔ ነኝ። ቤቱን አላቃጠልኩም። ፊደልም ቆጥሬያለሁ፤ በአርባ ሁለት ዓመቴ ቢሆንም ቆጥሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው አዲስ ቤት ሠራና የሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ስምንት ስፖት ላይት እንድገጥምለት ጠራኝ። አምፖሎቹን ራሱ ገዝቶ ነው የጠበቀኝ፤ እነዚያ ትንሽ በርተው ከቆዩ እጅ የሚጠብሱትን።

«ኤልኢዲ ይሻልሃል፣ እንዲህ አይግልም» አልኩት።

«አያ፣ እሱ የሆስፒታል መብራት ነው። እኔ የምፈልገው እንደ ሆቴል ቢጫ ቢጫ የሚለውን ነው» አለኝ።

ቤቱ የእሱ ነው፤ ከፈለገ ሆቴል ያድርገው።

ሥራዬን ግን እንደ ወጉ ሠራሁ። መጀመሪያ ብሬከሩን አወረድኩ፣ ሽቦው ላይ ኮረንቲ አለመኖሩን በቴስተር አየሁ፣ ቴስተሩ ራሱ አለመዋሸቱን ደግሞ የጎረቤት ሶኬት ላይ ሄጄ አረጋገጥኩ። አገሬ ድብ ባሕር እያለሁ «ጠፍቷል፣ ንካው» የተባልኩትን ሽቦ ነክቼ ከመሰላል ስለወደቅኩ፣ «ጠፍቷል» ለሚል ሰው ጆሮ የለኝም። ከመብራት ወደ መብራት ሽቦ ስስብ መጋጠሚያውን ሁሉ በሳጥን በሳጥኑ ዘጋሁ፤ በናስትሮ ጠቅልሎ ኮርኒስ ውስጥ መወርወር የሰነፍ ሥራ ነው። የግራውንዱን ሽቦ አልዘለልኩም። ለስምንቱ ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ብሬከር ለየሁላቸው። ከየመብራቱ በላይም ሙቀቱ የሚወጣበት ባዶ ቦታ ተውኩ። ሁሉን ስጨርስ፣ ከጓዳው ወደ ኮርኒሱ በሚያስወጣው ቀዳዳ አጠገብ ካለው ሞራሌ እንጨት ላይ በወፍራም ማርከር «ከመብራቱ በላይ ምንም ነገር አይቀመጥ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቼ ትልልቅ ናቸው። ዘግይቶ የተማረ ሰው አሳንሶ አይጽፍም።

ይህ ሰኔ ላይ ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የሰውየው ሳሎን ጭስ ጭስ ሸተተ። ኮርኒሱ በሦስት ቦታ ጠቆረ፣ የአንዱ መብራት ሽቦ ቀለጠ፣ ወዲያው ብሬከሩ ወረደና ስምንቱም ጠፉ። ቤቱን ያተረፈው ያ እኔ የለየሁት ብሬከር ነው። ነጋዴው ግን ይህችን አላወራትም። ሌላውን ሁሉ አወራ።

እኔን ጠርቶ እንኳ አልጠየቀኝም። የሰማሁት ከባጃጅ ሾፌር ነው። «አያ፣ ቤት አነደድክ አሉ? የእኔ ባጃጅ ላይ እንዳትደርስ!» አለኝ እየሳቀ። ሳቁ ለእሱ ነው። ስልኬ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ዝም አለ። ግማሽ ያደረስኩለት አንድ ልኳንዳ ቤት ሳይቀር «እስኪ ለጊዜው ይቆይ» አለኝ። ሰው ቤቱን ከፍቶ ጓዳው ድረስ የሚያስገባኝ በስሜ ነው። ስሜ ካልጸዳ ፒንሳና ካቻቢቴዬን ሸክፌ ወደ ድብ ባሕር ተመልሼ የሰው መሬት ላርስ ነው ማለት ነው።

ነጋዴውና እኔ አንድ እድር ነን። የእድራችን ዳኛ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቤታቸው ሄጄ «ወይ አቃጥለሃል በሉና አባሩኝ፣ ወይ መጥታችሁ እዩልኝ» አልኳቸው። ዘመን በተለወጠ በሳምንቱ ነጋዴው ቤት ይዘውኝ ሄዱ።

«ምኑ ይታያል? ይኸው ጠቁሯል!» አለ ነጋዴው ጣቱን ወደ ኮርኒሱ ቀስሮ።

«አንተ ያየኸው ከታች ነው» አልኩት።

ዋናውን ብሬከር አወረድኩ፣ በቴስተር አየሁ፣ ጓዳ ገብቼ መሰላሉን አስጠጋሁ፣ በቀዳዳው አንገቴን አስገብቼ ባትሪ አበራሁ። ከመብራቶቹ በላይ ከዳር እስከ ዳር ጆንያ ተነጥፏል። ጆንያው ላይ ብቅል ተሰጥቷል። ጫፉን ይዤ ሳብ ሳደርገው ግማሹ ብቅል የዳኛው ራስ ላይ ወረደ።

ዳኛው ከጋቢያቸው ላይ አንዷን ለቀም አድርገው ቀመሷት። «ብቅል ነው» አሉ። «ያውም ያረረ።»

ይኼን ጊዜ የነጋዴው እናት ከማድ ቤት እየሮጡ መጡ። ልጃቸው ከደጋ ያመጣቸው በዚሁ ክረምት መግቢያ ነው። ሰባ ዓመት ቢያልፋቸውም መሰላል ሲወጡ ድመት ናቸው።

«ምነው ልጄ! የማኅበር ብቅሌን ደፋህብኝ?» አሉኝ።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ እንዴ ያሰጣሽው?» አለ ነጋዴው።

«ታዲያ ማን ይሁንልህ? በነሐሴ ፀሐይ አለ? አገሬ ሳለሁ ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ነበር የማደርቀው። እዚህ ምድጃ የሚባል የለም። ይኼ መብራትህ ግን ሸጋ አድርጎ ይሞቃል።»

«ቀኑን ሙሉ ሲበራ ይውል የነበረው ለዚህ ነው?»

«ጠፍቶማ ምኑን ያደርቀዋል!»

ዳኛው ሦስት ደረጃ ወጥተው ጽሑፌን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «ተጽፏል እኮ እማማ፤ አላዩትም?»

«አየሁት እንጂ። ደብተራ አስጽፎ ቤቱን እንዲጠብቅለት ያደረገው መሰለኝ። እሱ ካለ እሳትም አይደፍረው ብዬ ብቅሉን ወደ እሱ ጠጋ አደረግሁት።»

ዳኛው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ቶሎ አቆምኩ። እስከ አርባ ሁለት ዓመቴ እኔም የተጻፈ ነገር ሁሉ ወይ የሚጠብቀኝ ወይ የሚከሰኝ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ቤት ማን እንደሚያነብ ሳልጠይቅ ጽፌ መሄዴ የእኔ ጥፋት ነው። ሌላው ቢረሳው እኔ መርሳት አልነበረብኝም።

ይህን ለነጋዴው አልነገርኩትም። አይገባውም።

«አያ፣ በቃ ይቅር በለኝ፤ እዚሁ እንጨርሰው» አለኝ።

«ስሜን ያጠፋኸው እዚሁ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው እዚህ አያልቅም።»

«እውነቱን ነው» አሉ እናቱ፣ ብቅላቸውን እየጠረጉ። ልጃቸው ተገላምጦ አያቸው፤ ግድም አልሰጣቸው።

በማግስቱ ተመልሼ የጠቆረውን ኮርኒስ ቆርጬ አወጣሁ፣ የቀለጠውን ሽቦ ለወጥኩ፣ ስምንቱንም ኤልኢዲ አደረግኋቸው። የሆስፒታል መብራት ያላቸውን ነጋዴው ራሱ አንድ በአንድ አቀበለኝ። እናቱን ግን በጽሑፍ አላስቸገርኳቸውም። ካወረድኳቸው መብራቶች አንዱን ደህናውን አብርቼ እጃቸውን እንዲያስጠጉ አደረግሁ። «ውይ!» ብለው ሳቡት። «አዲሱም ቢሆን አየር ይፈልጋል፤ ላዩ ላይ ጨርቅም እህልም አይወድም» አልኳቸው። «ይኼን መጀመሪያ አትነግረኝም ነበር?» አሉኝ።

ነጋዴው በእድሩ ስብሰባ ሰው ሁሉ ፊት ቆመ። «ሥራው ደህና ነበር፤ ጥፋቱ ከእኔ ቤት ነው፤ ሳልጠይቅ ስሙን አጠፋሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። ዳኛው «ድምፅህን ከፍ አድርገው፣ ፒያሳ ስታወራ እንዲህ አልነበርክም» አሉት። ከፍ አድርጎ ደገመው። ያም መስከረም ሃያ አንድ ቀን፣ የግሸን ማርያም ዕለት ነው።