ለእሷ የተቀቀለው ንፍሮ

ባሌ ጭቃ ሊረግጥ ጫማውን ቀለም መቀባት የጀመረ ዕለት ነው ነገር በሆዴ የገባው። ኧረ በስማም! ሰው ተራራ ሊወጣ፣ በባሕር ዛፍ መሀል ሲንሸራተት ሊውል ጫማ ይወለውላል? በር ላይ ቁጢጥ ብሎ ሲቦርሽ እያየሁት፣ «ሰርግ አለ እንዴ እላይ?» አልኩት።

«ሰው ቤት ነው የምንገባው» አለ ቀና ሳይል። «ንጹሕ መሆን አለብን።»

«እነማን ናችሁ የምትገቡት?»

አውቄ ነው የጠየቅኩት። ባሌ የጤና መኮንን ነበር። ጊዜው ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ኮተቤ ያኔ ገና ገጠር ነበረች፣ መንገድ ዳር ከተከራየናት ቤት ጀርባ ገብስ ይዘራ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከእኛ በላይ፣ የእንጦጦ ተራራ ወገብ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ መንደር ምን እንደጎደላት ቤት ለቤት ዞሮ እንዲያጠና አዘዘው። ውኃ ከየት ይቀዳል፣ ሽንት ቤት አለ ወይ፣ ስንት ይወለዳል፣ ስንት ይሞታል፣ እሱን ነው የሚጠይቀው። ችግር ከተገኘ ለመንደሯ ክሊኒክ ይሠራላታል፤ ካልተገኘ ክሊኒኩ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። አብራው እንድትዞር ደግሞ አንዲት ነርስ ሰጡት። ያላገባች፣ ቀጭን፣ ነጭ ካልሲ የምታደርግ። ያን ካልሲ አድርጋ አስፋልቱ ዳር ስትጠብቀው ያየሁ ቀን ቆሽቴ ሲያር ነው የዋለው።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሥራው እምቢ ብሏቸው። ማታ ይገባና ባርኔጣውን አልጋው ላይ ወርውሮ፣ «መንደሩ ሁሉ ጤነኛ ነው!» ይላል። «እንዴት ናችሁ ስትያቸው፣ እግዜር ይመስገን። ልጅ ሞቶባችሁ ያውቃል ስትያቸው፣ የለም፣ እግዜር ይመስገን። የወለዱትን ሁሉ አሳድገዋል። ይህን ይዤ ብሄድ ማን ክሊኒክ ይሠራላቸዋል?»

ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ። የትኛዋም ሴት ታውቀዋለች። ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ሕፃን አይቆጠርም። አይለቀስለትም፣ ንፍሮ አይቀቀልለትም፣ ጎረቤት ተሰብስቦ «እግዜር ያጥናሽ» አይልም። «ሌላ ይሰጥሻል» ይሉሽና በማግስቱ ስለ ገበያ ያወራሉ። ስለዚህ ስንት ወለድሽ ስትባዪ የቆሙትን ብቻ ትቆጥሪያለሽ። ባሌ ግን እኔን አልጠየቀኝም፤ እኔም ሄጄ ለነጭ ካልሲዋ ሥራ አላቀናላትም።

ደግሞም ያን ነገር በቤታችን አናነሳውም ነበር። እሱ ገና ተማሪ ሳለ፣ እናቴ ቤት፣ ወንድ ልጅ ወልጄ በስምንተኛው ቀን ሞቶብኛል። ጡት መያዝ አቃተው፣ መንጋጋው ገጠመ። እኔን የአራስ ትኩሳት ጥሎኝ ስለነበር አሟሟቱን አላየሁም። ስነቃ ልጁ የለም፤ ባሌ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እናቴ «በይ እንግዲህ ራስሽን አትርፊ» አለችኝ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ አላረገዝኩም። ባሌም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ልጁ አንድም ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ረስቶታል ብዬ ነበር። ወንድ ልጅ ምን አለበት ብዬ።

ታዲያ አንድ ቀን እያፏጨ ገባ። «ተከፈቱልን!» አለ ገና ከበሩ። «ሴቶቹ ሁሉ ተናገሩ። ይገርምሻል፣ ልጅ ያልቀበረች የለችም።»

«እንዴት ተናገሩ?»

«ነርሷ ናት። አነጋገር ትችላለች።»

«ምን ብላ ነው ያናገረቻቸው?»

«ያው... የሴት ወግ ነው» አለና ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። እኔ የማላውቀው የሴት ወግ! ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ከዚያ በኋላማ የጫማው ቀለም በረታ፣ ምሳ እላይ በልቶ መምጣት መጣ፣ «እሷ እንዲህ አለች፣ እሷ እንዲያ አለች» መጣ። ጭስ ካለ እሳት አለ አልኩ።

ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት ጃንጥላውን ረስቶ ወጣ። እሰይ! የሚያስፈልገኝ ምክንያት ተገኘ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጃንጥላውን ይዤ አቀበቱን ያዝኩት። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶችን የሐኪሙን መንገድ ስጠይቃቸው፣ «ከእነ ባለቤቱ እላይ ናቸው» አሉኝ። ባለቤቱ? ተሳስቼ ሰምቼ ይሆናል ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

መንደሯ ጫፍ ላይ፣ መጀመሪያ ባገኘሁት ቤት ደጃፍ አንዲት አሮጊት ስንዴ ይለቅማሉ። የመንደሩ አዋላጅ ናቸው፤ ያን ኋላ ነው የነገሩኝ። ከጎናቸው ሆዷ የገፋ ምራታቸው ተቀምጣለች፤ ከአማቷ ጋር አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀሉ ያወራሉ።

«እማማ፣ ሐኪሙን ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«ከሚስቱ ጋር ወደ ምንጩ ወርዷል። ተቀመጪ ልጄ፣ አሁን ይመጣሉ።»

«ከማን ጋር?»

«ከሚስቱ ጋር። ከነርሷ። አታውቂያትም እንዴ? ወይ የሷስ ነገር!» ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። «እኛ መጀመሪያ አፋችንን ዘግተንባቸው ነበር። ያልወለደች ልጃገረድ መጥታ ስለ ወሊድ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት? ኋላ ግን፣ ለካ ባለትዳር ናት፣ ለካ እንደኛው የተቃጠለች ናት። የመጀመሪያ ልጇን፣ ወንድ ልጅ፣ በስምንተኛው ቀን ቀብራለች።»

ጃንጥላውን እንደያዝኩ ከጎናቸው መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

«እሷ አራስ ቤት ወድቃ፣ አባቱ ነው አሉ የታቀፈው» ቀጠሉ። «ሕፃኑ የአባቱን ትንሿን ጣት ጨብጦ ያዘ። አልለቀቀም። ካለፈም በኋላ ጣቱን ማስለቀቅ ቸግሮት ነበር። ይህን ስትነግረን ማን አንጀት አለው? መንደሩን ሁሉ ጠራሁ። ስንዴ ቀቅዬ ንፍሮ አቀረብኩላት። ተቀምጠን አለቀስንላት፣ እግዜር ያጥናሽ አልናት። ከዚያ ያቺም ተነሳች፣ እኔም ሁለት አለኝ አለች፤ ይቺም ተነሳች። እኔ ራሴ አራት አሉኝ። በሕይወቴ ቆጥሬያቸው አላውቅም ነበር።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ ይላሉ። ባሌን ትውሰደው እሺ፤ ይኸ ያለ ነገር ነው፣ በሰው ደርሷል። ግን ልጄን? እኔ የወለድኩትን፣ የኔን ስምንት ቀን፣ የኔን ለቅሶ ወስዳ በኔ ፈንታ ተጽናናች! የኔን ንፍሮ በላች! ደግሞ ያ ጣት። የልጄን ጣት እኔ አላውቀውም ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ለኔ ያልተነገረኝን ለነጭ ካልሲ ተነገራት።

«አሁን የዚችን ልጅ እትብት እሷ ናት የምትቆርጠው» አሉ ወደ ምራታቸው እያሳዩ። «እኔ በምላጭ ነበር የምቆርጠው፤ ልጆቹን የሚገድላቸው እሱ ነው አለችን። መቀሱን ቀቅላ ትመጣለች። ሌላ ሰው ቢለኝ እሺ አልልም ነበር። እሷን ግን አመንኳት፣ ቀምሳዋለቻ።» ከዚያ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። «አንቺስ ልጄ፣ የሐኪሙ ምኑ ነሽ?»

አፌ ላይ ነበር። ሚስቱ ነኝ፣ ያቺ ቀጣፊ ናት፣ ምንም አልቀበረችም ልል ከንፈሬ ተላቆ ነበር። ምራቲቱ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ብናገር በሩ ሁሉ በአንድ ቀን ይዘጋል፤ መቀሱም አይገባም፣ ምላጩ ይመጣል። በስምንተኛው ቀን ምን እንደሚሆን ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

«እህቱ ነኝ» አልኩ። እሬት እሬት አለኝ።

ወዲያው ሁለቱ ከምንጩ ብቅ አሉ። እሷ ስታየኝ ከእሱ ራቅ ብላ ቆመች። እሱ እንደ ኖራ ነጣ።

«እህትህ ጃንጥላ አምጥታልሃለች!» አሉ አሮጊቷ ደስ ብሏቸው።

«እ... እህቴ» አለ ባሌ።

ዝናቡ ደግሞ ያን ጊዜ ጀመረ። ጃንጥላውን አቀበልኩትና፣ «ወንድም ጋሼ፣ ሚስትህን አስጠልላት እንጂ! ካልሲዋ በሰበሰ» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ያን ያህል እንኳ ይፈቀድልኝ።

ቁልቁለቱ ላይ ነርሷ ሮጣ ደረሰችብኝ። ጃንጥላ የለም፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። «እትዬ፣ በእግዜር፣ በመካከላችን ምንም የለም። ሴቶቹ አልናገር ሲሉ ጨነቀኝ። እሱ መንገድ ላይ የነገረኝ ነገር ከአፌ ወጣ፤ ከወጣ በኋላ መመለስ አቃተኝ።»

አመንኳት። ማመኔ ግን ምንም አልጠቀመኝም። «ባሌን ከፈለግሽ ውሰጂው» አልኳት። «ልጄን ግን መልሺልኝ።»

ቆማ ቀረች። እኔም ዞሬ አላየኋትም።

ቤት ገብቶ እርጥብ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ «ጣትህን ይዞ ነው የሞተው?» አልኩት። ቁጭ አለ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ተራራው ሁሉ ያውቃል።»

«እንዳላሳምምሽ ብዬ ነው የተውኩት።»

«ለእሷስ?»

«እሷማ አልወለደችውም» አለ። «ለእሷ መንገር ቀላል ነበር።»

ይኸ ነገር አንጀት ያርሳል የምትል ሴት ትኖር ይሆናል። እኔን አላራሰኝም። ከኔ ጋር ያልቀለለው ከእሷ ጋር ለምን ቀለለ? «በል አሁን ለኔ ንገረኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ» አልኩት። ነገረኝ። በትምህርት ቤት ኮቱ ጠቅልሎ እንደወሰደው፣ ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ወይራ ሥር እንደቀበረው። ያን ኮት ጠፋብኝ ብሎኝ፣ ዝርክርክ ነህ ብዬ ስንት ቀን ጨቅጭቄዋለሁ! አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን አለቀስን፤ በዚህ ሁሉ መሀል ግን አንድ ነገር ውስጤን ይበላኛል፤ ይኸን ወሬ ስሰማ ከነርሷና ከመንደሩ ቀጥሎ እኔ ሦስተኛ ነኝ።

ምራቲቱ በክረምቱ ወለደች። ነርሷ መቀሱን ቀቅላ እትብቱን ቆረጠች፤ ስምንተኛው ቀን መጥቶ ሄደ፣ ልጁ ጡቱን እየጠባ ነው አሉን። መሥሪያ ቤቱም መንደሯ የቆጠረቻቸውን ሕፃናት ሰምቶ ክሊኒኩን ፈቀደ። በአርባ ቀኑ ለክርስትናው ሦስታችንም ተጠራን፤ ሐኪሙ፣ ሚስቱ፣ እህቱ።

ድግሱ ላይ ሕፃኑን አምጥተው መጀመሪያ ያስታቀፉት ለማን ይመስላችኋል? ለእሷ። እልል አሉላት። እኔ ጥግ ይዤ፣ ጠላዬን ጨብጬ፣ ዓይኔን ከእሷ ላይ መንቀል አቃተኝ። አዋላጇ አሮጊት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ዓይኔ የት እንዳለ አይተዋል።

«አንቺስ ልጄ፣ ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

ማንም ሲጠይቀኝ «አላውቅም» ማለት ለምጄ ነበር። «አንድ» አልኩ። «ወንድ። በስምንተኛው ቀን ሞተብኝ።»

አሮጊቷ እኔን አዩኝ። ነርሷን አዩ። ከዚያ ባሌን አዩት፤ ከበሩ ወዲህ ቆሞ እኔን እያየ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የአባቱን ጣት ይዞ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

ሴቶቹ እልል ይላሉ። አሮጊቷ እጄን ያዙና፣ «ሆድ ይፍጀው» አሉ። «ዛሬ የሰው ደስታ ነው። ነገ ነይ። ብቻሽን ነይ።»

በማግስቱ ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። ቤታቸው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ንፍሮውን በሰፌድ አቀረቡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሉኝ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አለቀስኩ፣ ያለ ምንም ይሉኝታ።

ለእሷ የቀቀሉት ስንዴ ብቻ ነበር። የኔ ሽምብራም ነበረበት። ጠይቄያቸዋለሁ።