የይለፍ ቃሌ የየኔታ ስም ነበር

ዛሬ ጠዋት ጌታሁን ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ የጎረቤቴን የአያ ሞላን በር ሲያንኳኳ፣ እኔ አጥሩ ጥግ ቆሜ ሳቄን አፍኜ ነበር።

«ልጅዎን ሊድሩልኝ ቃል ገብተው ሲያበቁ ለሌላ ሊድሯት ነው አሉ!» አላቸው።

አያ ሞላ ግራ ገባቸው። «ማን ነገረህ?»

ጌታሁን ማለት እዚህ ሰቆጣ ኢሜይል የምናይበት ኢንተርኔት ቤት ባለቤት ነው።

ባለፈው ወር ቤሩት ያለችው እህቴ መታመሟን ጻፈችልኝ። ለማንም አልተነፈስኩም። እናቴ ግን ወሬውን ከገበያ ሰምታ እያለቀሰች መጣች።

ማን እንዳነበበው ወዲያው ገባኝ። ኢሜይል ሲከፍትልኝ «የይለፍ ቃልሽን የማትረሺው ስም አድርጊው» ብሎ የመከረኝ ራሱ ጌታሁን ነው። እኔ ሞኟ የየኔታን ስም አደረግኩ። እሱም ፊደል የቆጠረው ከእኔው ጋር፣ እዚያው የኔታ ዘንድ! (የሰፈሩ ግማሽም እንዲሁ።)

የይለፍ ቃሉን አልቀየርኩም። ትናንት እዚያው ኢንተርኔት ቤቱ ቁጭ ብዬ ለእህቴ «አያ ሞላ የጌታሁንን እጮኛ ለሌላ ሊድሯት ነው» የሚል ነጭ ውሸት ጻፍኩላት። ከዚያ ደብዳቤ ውጭ ወሬው የትም አልነበረም።

ሽማግሌዎቹም ዞረው አዩት። «እውነትም፣ ማን ነገረህ?»

ጌታሁን መሬት መሬት ያያል። እኔም በአጥሩ ላይ ብቅ ብዬ «ንገራቸው እንጂ!» አልኩት።

ይቅር በዪው የምትሉኝ አትድከሙ። የእናቴን እንባ ይመልስልኝና እናወራለን።

እናንተስ ምስጢራችሁን ማን በርብሮባችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ። የየኔታችሁን ስም ብቻ እንዳትጠሩ፤ ጌታሁንም ያነባል።