የወንዛዬ ትኩሳት

ልጅ ሳለሁ፣ ከጋፋት ወዲያ ባለው መንደራችን፣ እንደ አባባ ተረት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አባባ የአባቴ አባት ናቸው። ማታ ከብቱ ከገባ በኋላ መደቡ ላይ ተቀምጠው ፍሙን በጭራሮ እየቆሰቆሱ ሲጀምሩ፣ የኩራዙ ጭስ እንኳ ወደ እሳቸው የሚያዘነብል ይመስለኝ ነበር። አገሩ ሁሉ ያምናቸው ነበር። እኔም አምናቸው ነበር፤ ይህን ዛሬም የምጽፈው በምሬት ነው።

አንድ ዓመት፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ግራ ጎኔን ከጎድን አጥንቴ በታች ውጋት ያዘኝ። «ብርድ ነው» አሉ አባባ፤ ብርድ ደግሞ በፍል ውሃ ይለቃል። እናቴ አዝላኝ፣ አባባ ከዘራቸውን ይዘው፣ በሐሙሲት በኩል ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረድን።

ያኔ ወንዛዬ ለእኔ የሕልም አገር ነበረች። ማለዳ ከውሃው የሚነሳው እንፋሎት ሰዉን ከወገቡ በታች ይሰውረውና፣ ሁሉም እግር የሌለው ሆኖ በጭጋግ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። ውሃው ውስጥ ሳለሁ ውጋቴ ያንቀላፋል፤ ስወጣ ግን ጎኔ ከበፊቱ ብሶ ይነዳል። ሲመሽ በሣር ጎጆው እሳት ይነድና ታጣቢው ሁሉ አባባን ይከባል።

«ያንቱስ ተረት ከውሃው ይበልጣል» አሉ አንዲት ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት፣ «ይህ ጉልበቴ ደንቆሮ ሆኖ ነው እንጂ!»

ሰዉ ሳቀ። እኔ በጋቢ ተጠቅልዬ እንቀጠቀጥ ነበር። በተረቱ ውስጥ ያለው ጅብ የአክስቴን ኩታ ለብሶ ጎጆው በር ላይ ቆመ፤ የተረቱ ሙሽራ ፍሙ ውስጥ ገብታ እጇን ዘረጋችልኝ፤ የአባባ ድምፅ ደግሞ እንደ ሞቀ ውሃ ቀስ እያለ ከላዬ ይሞላ ነበር። ደስ ይል ነበር። መሞት እንዲህ ደስ እንደሚል ያኔ አላወቅሁም።

አባባ ግንባሬን ነኩና «እሰይ! በሽታው ሲወጣ ነው የሚያተኩሳት» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ፍል ውሃ የጀመረ ሰው ቀኑ ሳይሞላ አይነሳም፤ ካቋረጠ በሽታው ተመልሶ ይገባል ይባላል።

በማግስቱ እናቴ ሽንቴን አየች፤ ደፍርሷል፣ ይሸታል። ጎኔን ስትነካው ጮህኩ። ያን ዕለት አመሻሽ፣ በአማቷ ፊት አፏን በነጠላ ሳትሸፍን ተናግራ የማታውቀው ሴት፣ ተረቱ መሐል ላይ ተነሥታ ቆመች።

«አባባ፣ ልጄን ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው።»

«ቀኗ ሳይሞላ? ልትገድያት ነው እንዴ፣ አንቺ ልጅ!»

«እየሞተችብኝ እኮ ነው! አንቱ ተረትዎን ያውሩ። የእኔን ጀርባ የምታቃጥለው እሷ ናት።»

«ከሄድሽ ደጄን እንዳትረግጪ።»

«እሺ፣ አባባ» አለችና አዘለችኝ።

ሐሙሲት ላይ እህል የጫነ መኪና ለምና ባሕር ዳር አደረሰችኝ። ሐኪሞቹ ሲከፍቱኝ ኩላሊቴ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አገኙ፤ ውሃው መግል ሆኗል። ከውሻ የሚተላለፍ ትል ያመጣው ነው አሏት። እኛ ደግሞ በግ ስናርድ ውሃ የቋጠረውን ጉበትና ሳንባ ለውሻችን እንወረውር ነበር፤ ያንኑ ውሻ አቅፌ እውል ነበር። እነሆ፣ «ሲወጣ ነው» የተባለው በሽታ ሲገባ ኖሯል።

አባባ በቃላቸው ጸኑ፣ እናቴም በቃሏ። ከተማ ቀረን፤ በኋላም እኔ ራቅሁ፣ እጅግ ራቅሁ። ብዙ አነበብሁ። ተረት የሕዝብ ጥበብ ነው ብለው የጻፉትን ሊቃውንት አንብቤያቸዋለሁ፤ አንዳቸውም ጎናቸውን እያመማቸው እንዳላዳመጡት እጠረጥራለሁ። ሆኖም ባመመኝ ቁጥር የምናፍቀው ያንኑ ድምፅ ነው፤ ይህንንም ለራሴ ይቅር አልልም።

አሁን የልጅ ልጆቼ «ተረት ንገሪን» ሲሉኝ ጅቡም ሙሽራዪቱም አይመጡልኝም። የሚመጣልኝ ከወንዛዬ ሸለቆ የሚያወጣው ዳገት ነው። እናቴ ተረት አታውቅም ነበር። ከኋላችን ሰዉ ይቆጣል፣ ይማጸናል፤ እኔ ጉንጬን ላብ ባጠመቀው ጀርባዋ ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ። ትተነፍሳለች፣ ትወጣለች።