ቆጠራው አልሞላም

ኦዴሳ ፕሩዊት ሚሲሲፒ ውስጥ አንድ ኩባንያ በኮንትራት በሚያስተዳድረው ወህኒ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት እስረኛ ቆጥራለች። የኩባንያው ደንብ አጭር ነው፦ እስረኛ አልጋው አጠገብ ቆሞ ይቆጠራል፣ የታመመ ክሊኒክ ተኝቶ ይቆጠራል፣ ቆጠራው እስኪሞላ ደግሞ በሩ ለማንም አይከፈትም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡት አለቆች ጎብኝተው ሊወጡ ሲሉ ቆጠራው በአንድ ሰው ጎደለ። የወህኒ ቤቱ ኃላፊ ሃስኬል ላብ በላብ ሆኖ መጣ።

«ሚስ ኦዴሳ፣ ማን አመለጠ?»

«ማንም። ሽማግሌው ቴትስ ከትናንት ጀምሮ ደረቴን እያለ ተኝቷል። መቆም አልቻለም።»

«አልጋው ላይ ካለ ይቁጠሩታ!»

«ተኝቶ የሚቆጠረው ክሊኒክ ነው። ክሊኒኩን ደግሞ ወጪ በዛ ብላችሁ ዘጋችሁት።»

«ኧረ በፈጠረዎት! እንግዶቹ በር ላይ ቆመዋል!»

«እነሱስ መቆም ችለዋል።»

ሃስኬል ከሥራ እንደሚያባርራት ነገራት። እሷም ቁልፉን ወገቧ ላይ አጠበቀችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ሃያ ደቂቃ ፀሐይ ላይ የቆመው ትልቁ አለቃ ምክንያቱን ሲሰማ በገዛ ስልኩ ለቴትስ አምቡላንስ ጠራ። ቴትስ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ ተቆጥሮ ሲወጣ አለቆቹ ተከትለው ሊሾልኩ ሞከሩ። ኦዴሳ በሩን በክንዷ ዘጋች።

«ቆዩ፣ ጌቶቼ። እናንተን ገና ልቆጥር ነው።»