በክብሪት የተማርኩት መንገድ

ባሌ ከሎሪው ላይ የወደቀው ሸራ ሲያስር ነው። ገመዱን ሊያጠብቅ ወደ ኋላ ተደግፎ ሲስብ ገመዱ ተበጠሰና ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር አስፋልት ላይ በጀርባው ተዘረጋ። ሐኪሙ የአከርካሪው ዲስክ መንሸራተቱን ነግሮት ዓመት ሙሉ መሪ እንዳይነካ አዘዘው። ዓመት ለእኔ ዕድሜ ነው። እኔ ሻይ እስኪፈላ ቆሜ የማልጠብቅ ሴት ነኝ።

ሎሪው የሁለታችን ነው። እሱ ለሰው እየነዳ፣ እኔ ሁርሊንግሃም ሰፈር አበሻ ምግብ ቤት ወጥ እየሠራሁ ባጠራቀምነው ነው የገዛነው። ከኢስትሊ ሸቀጥ ጭኖ ወደ ኢሲዮሎ፣ አንዳንዴም እስከ ሞያሌ ይሄድ ነበር። ባሌ ሲተኛ ቅጥር ሾፌር አስገባን። የመጀመሪያው ናፍጣውን እየቀዳ ሸጠው። ሁለተኛው ደግሞ አዲሶቹን ጎማዎች ፈቶ በሞቱ ጎማዎች ለወጠልን። ከዚያ በኋላ ሎሪው ከምንኖርበት ፎቅ ሥር ባለው ግቢ ቆመ። ባሌም መስኮቱ ሥር ወንበር አስቀምጦ ቁልቁል ሲያየው ይውላል። ከሥራ ስገባ እዚያው ቦታ፣ እዚያው አቀማመጥ ላይ አገኘዋለሁ። እኔ እንዲህ ቁጭ ብዬ ብውል በሳምንቴ አብዳለሁ።

አንድ ቀን ስገባ ደላላ ተቀምጦ አገኘሁ። «ቆሞ የሚዝግ መኪና ጠላት ነው፤ ዋጋ ሳያጣ ልሽጥላችሁ» ይላል። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ይሰማዋል። ደላላው እንደወጣ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ «እኔ እነዳዋለሁ» አልኩት።

ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ገና ማየቴ ነበር፣ ያውም በእኔ። ሲስቅ ሲስቅ ጀርባውን ያዘና «ዋይ» አለ። ደግ አደረገህ አልኩ በልቤ።

«ሎሪ እኮ ድስት አይደለም» አለኝ።

«አሥር ሰው በአንድ ጊዜ እየጮኸብህ ድስት ጥደህ ታውቃለህ?»

ብዙ ተጨቃጨቅንና በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ እኔ እነዳለሁ፤ ከወደቅሁ ሎሪው ይሸጣል፣ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።

መንጃ ትምህርት ቤቱ እዚያው ኢስትሊ፣ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ነው። አስተማሪዬ ጢሙ የሸበተ ኬንያዊ ነው። ሁሉም ሰው ምዋሊሙ ይለዋል፣ መምህር ማለት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በመለማመጃው ሎሪ ከከተማ ወጣ ብለን እንለማመዳለን። ፍሪሲዮኑን ቶሎ እለቀዋለሁ፣ ሎሪው እንደ በቅሎ ይዘላል፣ እሱ «ፖሌ ፖሌ፣ ማማ» ይለኛል፤ ቀስ በይ ማለቱ ነው። በሕይወቴ ቀስ በይ ያላለኝ ሰው የለም። መንዳቱን ግን ወደድኩት። ጋቢናው ውስጥ ከፍ ብዬ ስቀመጥ፣ ሥራ ለመሄድ በየቀኑ የምጋፋባቸው ማታቱ የሚሏቸው ሚኒባሶች ሁሉ ከሥሬ ሲርመሰመሱ ሳይ፣ ለካ እግሬን ሲበላኝ የኖረው ይሄን ፈልጎ ነው አልኩ።

ያስቸገረኝ ሰሌዳው ነበር። ኬንያ ውስጥ የመንጃ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ ይፈተናል። ሰፊ ሰሌዳ ላይ ከተማ ተስሏል፤ ገበያ አለው፣ አደባባይ አለው፣ የባቡር ማቋረጫ አለው። መጫወቻ መኪና ይሰጡትና ከዚህ ተነስተህ እዚያ ድረስ ይሉታል። በጣቱ እየገፋ፣ የሚያደርገውን ሁሉ በአፉ እየተናገረ ይሄዳል። የሰሌዳው ትምህርት የሚሰጠው በምሳ ሰዓት ነው፤ በምሳ ሰዓት ደግሞ እኔ ድስት ላይ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ንቄውም ነበር፤ ትልቅ ሴትዮ በመጫወቻ ስትጫወት። «ይቺን ከባሌ ጋር እቤት እጨርሳታለሁ» አልኩት ምዋሊሙን። ራሱን ነቀነቀ፤ ግን አልከለከለኝም።

ባሌ መጀመሪያ እያሾፈብኝ ነበር የጀመረው። የስኳር ቆርቆሮውን ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠና አደባባይ አለው። ሁለት ቢላዋ ጎን ለጎን አጋደመ፣ ሐዲድ ሆኑ። ክብሪቱን ሎሪ ብሎ ሰጠኝ። በሁለተኛው ቀን ማሾፉን ተወ። ከሥራ ስመጣ ወንበሩ ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ ጠረጴዛው ጋ ቀርቦ ይጠብቀኛል። «ስፖኪዮ አየሽ? ፍሬቻ አበራሽ? አሁን ግቢ። የለም፣ የለም፣ ያኛው ይቅደም።» እኔ ለመድረስ እጣደፋለሁ። አንዴ ክብሪቱን ገፍቼ ቆርቆሮውን ስደፋው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለና ስኳሩን ስሰበስብ እያየኝ ተቀመጠ። እነዚያን ቀናት ወድጃቸው ነበር። ያገባሁትን ሰውዬ መልሼ ያገኘሁት መሰለኝ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኙ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ደስታም ቁጣም ከፊቱ የማይነበብ ሰው ነው። «ከገበያው ተነሺ፣ አደባባዩን አልፈሽ ሆስፒታሉ ጋ ቁሚ» አለኝ። አላፈርኩም፣ አልተንቀጠቀጥኩም። ስፖኪዮ አየሁ አልኩ፣ ፍሬቻ አበራሁ አልኩ፣ አደባባዩን ዞርኩ፣ እግረኛ አሳለፍኩ፣ ሐዲዱ ጋ ቆሜ ግራ ቀኝ አየሁ። አፌ እንደ ውሃ ይፈሳል። ሆስፒታሉ ጋ ቀጥ አድርጌ አቆምኳት።

ፈታኙ ጎንበስ ብሎ ሰሌዳውን አየ። ከኋላዬ ተራ ከሚጠብቁት አንዷ ሳቋን በአፍንጫዋ አፈነች።

«ማዳም፣ በየት በኩል ነው የመጣሽው?» አለኝ።

ቁልቁል አየሁ። መኪናዬ የቆመችው በቀኝ ነው። አደባባዩንም በቀኝ ነው የዞርኩት። ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። ይህን ኢስትሊ ያደገ ሕፃን ያውቀዋል፤ መንገድ ሲሻገር መጀመሪያ ወደ ቀኝ ነው የሚያየው።

«ሆስፒታሉ ጋ መቆምሽ ጥሩ ነው» አለኝ ፈታኙ። «የገጨሻቸውን ሁሉ እዚያው ታስረክቢያለሽ።»

ማታቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የገባኝ። እጄ ያደረገው ባሌ ያስተማረውን ነው። ባሌ መንዳት የተማረው አዲስ አበባ ነው፣ በቀኝ። ግን እዚህ በግራ ሲነዳ ስንት ዘመኑ፤ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ታዲያ ለእኔ ጊዜ ለምን በቀኝ? የታየኝ መልስ አንድ ብቻ ነበር። እንድወድቅለት ነው። ስቆብኝ ነበር፤ ሳቁን ትቶ ማስተማር ሲጀምር ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። ደሜ ፈላ። ከመውረጃዬ በፊት ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ።

ጫማዬን ሳላወልቅ የስኳር ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ዱም አደረግኩት። «ሆን ብለህ ነው» አልኩት።

«ምኑን?»

ክብሪቱን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «ንዳ።»

ግራ ገብቶት አየኝና ክብሪቱን ገፋው፣ በቀኝ። አደባባዩ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ወይ ጉድ» አለ ቀስ ብሎ። «ጋቢና ውስጥ ስገባ እጅ እግሬ ራሱ ያውቀዋል። እዚህ ሳወራው ግን ያስተማረኝ ሰውዬ ነው በአፌ የሚናገረው። በቀኝህ፣ በቀኝህ ሲለኝ አሁንም ይሰማኛል።»

ደህና ወሬ ነው። ሌላ ሰው ቢነግረኝ አምን ነበር። «እኔ ከነዳሁ አንተ ምን ትሆናለህ፣ እሱን ፈርተህ ነው» አልኩት። ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «ካላመንሽኝ ምን ላድርግሽ» አለና ወንበሩን ጎትቶ ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

ሁለተኛ ፈተና ለረቡዕ ተቀጠረልኝ። ባሌ ስምምነታችንን አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም። ግን በመሀሉ ደላላው ገዢ ይዞ መጣ። ሰውየው ግቢ ወርዶ ጎማውን በጫማው ጫፍ እየመታ ሎሪውን ዞረ። ደረጃው ላይ ቆሜ ባሌ «ሐሙስ ና» ሲለው ሰማሁ። ከረቡዕ ማግስት ማለቱ ነው። እንደምወድቅ ያን ያህል እርግጠኛ ነው ማለት ነው። ያን ሳምንት እንቅልፍም ምግብም አልተስማማኝም። አልጋ ውስጥ ስገላበጥ እሱ ጀርባውን እያመመው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ምግብ ቤት ሽንኩርት አሳርሬ አሳርሬ፣ አሠሪዬ መጥታ ማማሰያውን ከእጄ ቀማችኝ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሂጂ፣ በምሳ ሰዓት ቁጭ ብለሽ ተማሪ፤ ወጡን እኔ አየዋለሁ» አለችኝ።

ምዋሊሙ ሰሌዳው ፊት አቁሞኝ ሳያርመኝ ሁለት ጊዜ አስነዳኝ። ሁለቴም ወደ ቀኝ ሄድኩ። እጄን ልቆርጠው ደረስኩ።

«እናንተ አበሾች የምትበሉት በየትኛው እጅ ነው?» አለኝ።

«በቀኝ።»

«እንግዲያ በማትበይበት በኩል ንጂ።»

ከዚያ በኋላ አልተሳሳትኩም። ስላለፍኩት ፈተና ብዙ የማወራው የለኝም፣ ማለፍ ወሬ የለውም። ረቡዕ ሰሌዳውንም መንገዱንም አለፍኩ። እቤት ገብቼ «አለፍኩ» አልኩት። «እሰይ» አለ። ፊቱን ከመስኮቱ አላዞረም።

ሐሙስ ገዢው መጣ። ባሌ በሩን ግማሽ ከፍቶ «ሎሪው ጭነት ይዟል፣ አይሸጥም» አለው። ሎሪው እኮ ከመስኮቱ ሥር ባዶውን፣ ሸራው ተጣጥፎ ቆሟል። ሰውየው ቁልቁል አየው፣ ባሌን አየውና ወጣ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ቃሉን ስለሰጠ ነው፣ ወዶ አይደለም አልኩ። አንዴ ሆዴ የሻከረበትን ሰው ቶሎ አላምንም፣ ጠባዬ ነው።

ፈቃዱ እጄ እንደገባ የመጀመሪያ ጭነት አገኘን፤ ብርድ ልብስና የፕላስቲክ ጄሪካን፣ ወደ ኢሲዮሎ። ማለዳ ወርጄ ሸራውን ስፈትሽ ባሌ ትራስ ይዞ ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወርድ አየሁ።

«ወዴት ነው?»

«እቤትም ያመኛል፣ እዚያም ያመኛል» አለና ጋቢና ወጣ፤ በግራ፣ በተሳፋሪው ወንበር። ሊቆጣጠረኝ እንደሆነ ገባኝ። ከናይሮቢ ሳንወጣ አፉን ከፈተ። ስፖኪዮ። ራቂው። ያ ማታቱ ይገባብሻል። እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። በረገጠ ቁጥር ጀርባው ይወጋዋል፣ በተወጋ ቁጥር እኔን ይቆጣኛል። ካራቲና ስንደርስ «ወይ ንዳ፣ ወይ ዝም በል» አልኩት። ሁለቱንም አልቻለም።

ሁሉም ንግግሩ የሚያልቀው አንድ ቦታ ላይ ነበር። ከቲማው በኋላ ወደ ኢሲዮሎ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ። ረጅም ነው። የጫነ መኪና ፍሬን እየረገጠ ከወረደ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይላል፤ ከላይ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ እየያዙ ነው የሚወረደው። «እዚያ ስንደርስ የት እንደምትቀንሺ እኔ እነግርሻለሁ። እኔ ሳልናገር እንዳትነኪ» ይለኛል። ናንዩኪን ስናልፍ ደገመልኝ። እኔም በንዴት «እሺ፣ እሺ» አልኩት።

ቲማው ደረስን። የስንዴው ማሳ በሁለቱም በኩል አለቀ፣ መሬቱ ከፊት ለፊት ተቆርጦ ወደ ታች ወረደ፣ ከሥር ያለው ቆላ ታየ። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገረም። «እዚህ ጋ ነው?» አልኩ። ተናድጄ ዞርኩ።

ተኝቷል። ትራሱ ጎኑ ሥር፣ ጭንቅላቱ መስታወቱ ላይ፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል።

ይህ ሰው በሰው መኪና ተኝቶ አያውቅም። ከኢስትሊ መሀል ከተማ በማታቱ ስንሄድ እንኳ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ከሞያሌ በአውቶቡስ ስንመጣ አንዴም ሳይጨፍን ከሾፌሩ ጋር ሲነዳ ነው ያደረው። ሌላ ሰው መሪ ይዞ እሱ ዓይኑን ሲከድን አይቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ አመንኩት። የክብሪቱን ነገርም፣ ሐሙስ ና ያለው ገዢውን ፈተናዬ እስኪያልፍ ለማቆየት ብሎ እንደነበርም፣ ሁሉንም።

ልቀሰቅሰው እጄን ዘርግቼ ነበር። መለስኩና ማርሹን ያዝኩ። ቀነስኩ። ሞተሩ አጓራ፣ እሱ አልነቃም፣ እኔም ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ ብቻዬን ወረድኩት።