ከዘበኛው ጎጆ የተነሣችው ሀብ

ባለፈው ሳምንት የቀድሞው ኃላፊያችን አርፈው፣ ለለቅሶ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሄጄ ነበር። በመሥሪያ ቤታችን ደጅ ሳልፍ መዝገብ ቤቱ ይታደሳል፤ ሠራተኞቹ ከግድግዳው አሮጌ ኬብል እየነቀሉ ይከምራሉ። በእኔ እጅ የተዘረጋ ኬብል ነው። አሁን ሁሉም በዋይፋይ ሆኗል አሉኝ።

ያን ጊዜ እኔና ጌታሁን የኮንትራት ሠራተኞች ነበርን፤ አንድ ክፍል ተከራይተን ከአንድ ትሪ እንበላለን። የኮምፒውተር ኔትወርኩ ተዘርግቶ ሲያልቅ ከሁለታችን አንዱ ቋሚ እንደሚሆን ተነግሮናል። ዋናውን ሕንፃ እሱ ያዘ፤ ከግቢው ማዶ ያለው መዝገብ ቤት ለእኔ ደረሰኝ። ርቀቱ ከመቶ ሜትር ያልፋል፤ ኬብል ከዚያ በላይ ሲረዝም መልእክቱ መንገድ ላይ ይደክማል። ስለዚህ መሐል ላይ፣ በዘበኛው በጋሼ አለሙ ጎጆ ውስጥ፣ ሀብ የምትባለውን የኬብል ማገናኛ ሣጥን አስቀመጥሁ። ሠራች። ክረምት ስለነበር በጭቃው እየተንሸራተትሁ ኬብል ስቀብር፣ ጌታሁን ትኩስ የበቆሎ ጥብስ ያመጣልኝ ነበር። ጣዕሙ ሳልወድ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

በምረቃው ዕለት ዳቦው ተቆርሶ እንግዶቹ መዝገብ ቤት ገቡ። ኮምፒውተሩ አልገናኝ አለ።

«የማን ሥራ ነው ይኼ?» አሉ ኃላፊው ፊታቸው ጠቁሮ።

«የእሱ ነው ጌታዬ» አለ ጌታሁን። «ይረዝማል፣ አይሆንም ብዬው ነበር፤ አልሰማ አለኝ።»

ወደ ጎጆው ሮጥሁ። ሀቧ የለችም።

«ጋሼ፣ ሣጥኗን ማን ወሰዳት?»

«ጓደኛህ ነዋ! የመንግሥት ንብረት ዘበኛ ቤት አያድርም ብሎ ጧት ግምጃ ቤት አስገባት። ምነው፣ አልነገረህም?»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሉ የለ? ተመልሼ ብናገር ኃላፊው፣ «ንብረት ግምጃ ቤት መግባቱ ደንብ ነው፤ እሱ ምን አጠፋ?» አሉኝ። ቋሚነቱ ለጌታሁን ሆነ።

ልብሴን ስሸክፍ አጠገቤ ቆሞ፣ «እናቴ የእኔን እጅ እንደምትጠብቅ ታውቃለህ፤ አንተ ሌላ ሥራ አታጣም» አለኝ። ሻንጣዬን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ክፉኛ ከድቶኛል፤ ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር አንድ ክፍል አልተከራየሁም።

ለቅሶው ላይ ጌታሁንን ፀጉሩ ሸብቶ አገኘሁት። ተነሥቶ አቀፈኝና ለልጁ፣ «ይኼ ወንድሜ ነው» አለው። ለቅሶ ቤት ነውና የልጁን እጅ ጨበጥሁ። ቢቸና እስክገባ ድረስ ግን በራሴ እንደ ተናደድሁ ነበር፤ ወንድሜ ሲለኝ ልቤ ደስ ብሎት ነበርና።